በመርጋ መነጽር ስድስት ዓመት

አምቦ ላይ ሰላምታ የሚነፍግ ሰው ከሌባ ይልቅ ይታማል፤ ሌባው እንኳ ሲያልፍ «አካም ቡልተኒ» ማለቱን አይረሳም። ሰዓት ሠሪው ኦቦ ረጋሳ ግን ስልሳ ዓመት እስኪጠጉ ድረስ ለማንም ቀድመው ሰላምታ ሰጥተው አያውቁም። በሁሉቃ ድልድይ ላይ ከገዛ ወንድማቸው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ሲያልፉ ያየ ሁሉ «ኩሩው» ብሎ ስም አወጣላቸው። በእውነት ኩራት ይሁን አይሁን የመረመረ አልነበረም። ከተማ ስም ለማውጣት እንጂ ምክንያት ለመፈለግ መቼ ጊዜ አለው!

በ1979 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ድንቅቱ የምትባል ወጣት የጠመኔ ካርቶን ታቅፋ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ስትሄድ፣ እኚሁ ሰው ድልድዩ አፋፍ ላይ ገጯት። ጠመኔው ተበተነ። እሳቸውም «ይቅርታ» የሚል ነገር ወደ ድልድዩ ብረት አጉረምርመው መንገዳቸውን ሊቀጥሉ ሆነ።

«ኦቦ ረጋሳ!» አለች ድንቅቱ። «ይቅርታው ለብረቱ ነው ወይስ ለእኔ?»

ምላሷ የታወቀ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለች ሰሌዳው ጭጋግ ሆኖባት ጎረቤቷን «ምን ይላል?» እያለች ስትጠይቅ፣ መምህሩ «ደንቆሮ» ብለው ከክፍል አስወጧት፤ አልተመለሰችም። ከሰሌዳ የተነፈገችውን ከመጽሐፍ ወሰደች፤ ገጹን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ያገኘችውን ሁሉ አነበበች። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ አንዲት ዘማች አዲስ አበባ ወስዳ ዓይኗን አስመረመረቻት፤ ከዚያ ወዲህ ወፍራም መነጽር አድርጋ ጎልማሶችን ፊደል ታስቆጥራለች። ሰው ሲንቃት አትወድም፤ እሷ ስትንቅ ግን ብዙም አይከብዳት።

ሰዓት ሠሪው ተመልሰው መጡና ፊታቸውን አንድ ስንዝር እስኪቀር ድረስ ወደ ፊቷ አስጠጉ። የአንዱ ዓይናቸው ብሌን እንደ እርጎ ነጭ ነው። ሌላው ደግሞ ከመነጽሩ ኋላ የበሬ ዓይን አክሎ ይታያል።

«አሃ፣ የፊደሏ እመቤት! ይቅር በይኝ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። ይህ ዝንብ ነው ያሳተኝ» አሉ፣ እጃቸውን ፊታቸው ላይ እያወናጨፉ።

«በታኅሣሥ ውርጭ ምን ዝንብ አለ?»

«ለእኔ አለኛ! ከማክሰኞ ጀምሮ አብሮኝ ይዞራል። ሲመሽ ደግሞ መብረቅ ይጨመርልኛል። ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ ከጥግ ብልጭ፣ ብልጭ ይላል። ሽምግልና መሆኑ ነው፤ የልጁን ሠርግ ደግሶ ያልደከመ ማን አለ?»

ድንቅቱ ጠመኔውን መልቀም ተወች። የአዲስ አበባው ሐኪም መነጽሯን ሲሰጧት የነገሯት ቃል በጆሮዋ መጣ፦ «የአንቺ ዓይን ከሰው ዓይን ይረዝማል። ስለረዘመም የውስጡ ሽፋን ከልክ በላይ እንደተወጠረ የከበሮ ቆዳ ሳስቷል። ጥቁር ዝንቦች ወይም ብልጭታ በድንገት ካየሽ፣ ወይም ጥቁር መጋረጃ ከጥግ ከገባ፣ ‹ነገ› አትበዪ። ሞራ ከወጣለት በኋላማ እንዲህ ያለው ዓይን ዕድሜ ልኩን መጠበቅ አለበት።»

«ሱቅዎ ድረስ ልምጣ» አለች፤ ቁርጥ ባለ ድምፅ። የኦቦ ረጋሳ ሱቅ ድልድዩ ማዶ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጭቃ ግድግዳዋ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፏል፤ ከጋዜጣው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጊዜ ይናገራሉ። ድንቅቱ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ይህን መነጽር ማን ለካልዎ?»

«ምን መለካት ያስፈልገዋል? የኦፕራሲዮን መነጽር ነው። የጎረቤቴ የመርጋ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። የግራ ዓይኔን ሞራ አስወጥቼ ስመለስ እሱ በወሩ ዐረፈ። በአርባው ማግስት ሚስቱ አዴ ጌጤነሽ ‹ዓይን ከሰው ጋር አይቀበርም› ብላ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ስድስት ዓመቴ ነው።»

«ሐኪሙ ‹ተመለስ› አላሉዎትም?»

«በሁለት ወር ብለውኝ ነበር፤ መነጽር ሊለኩልኝ። መነጽሩ ቤቴ ድረስ ከመጣ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

እዚህ ላይ በአዴ ጌጤነሽ መፍረድ አይገባም። የሟች ጋቢ ለነዋሪ ይሰጣል፣ ከዘራውም ይሰጣል፤ ደግነት ነው። ግን ጋቢ ለሁሉም ትከሻ ይሆናል፤ መነጽር እንዲህ አይደለም። ደግነትም ቢሆን መለኪያ ካልያዘ ሰውን ገደል ይከታል።

«ሞራው ከመምጣቱ በፊት ዓይንዎ እንዴት ነበር?» ስትል ድንቅቱ ቀጠለች።

የሰዓት ሠሪው ፊት በራ። «ለሰዓት የተፈጠረ ዓይን! ሌላው ሰዓት ሠሪ ማጉያ ይሰካል፤ እኔ አፍንጫዬን ማስጠጋት ብቻ ነው። የጤፍ ቅንጣት የምታህል ጥርስ ትቆጠርልኛለች። ሩቁን ተዪው፤ ሩቅ ለእኔ ድሮም ጭስ ነው። ሞራው ወጥቶ የመርጋን መነጽር ባደርግ ዓይኔ ልክ እንደ ድሮው ሆነ። ቅርቡ ይታያል፣ ሩቁ ጭስ። ለዚህ ነው ቀኙን ያላስወጣሁት። የድሮዬን መልሰው ለሚሰጡኝ ስንት ጊዜ ልቀደድ?»

«እንደ ድሮው መሆኑ ነዋ ጉዱ!» አለች ድንቅቱ። የራሷን መነጽር አውልቃ ጋዜጣ ላይ ያዘችው። «ቀረብ ብለው ይዩ። በእኔ መነጽር ፊደሉ አነሰ። አሁን የእርስዎን ያውሱኝና—»

«አላወልቅም!»

«ለምን?»

«ንፋስ ከገባበት ዓይኑ ይፈሳል። ከመኝታ በቀር አይወልቅም ተብሏል።»

«ማን አለ?»

«ሐኪሙ ነዋ!»

«ለማን?»

ከግድግዳው አንዱ ሰዓት አምስት ጊዜ ደወለ፤ ገና ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር።

«ለመርጋ» አሉ ኦቦ ረጋሳ በመጨረሻ።

«ለመርጋ የተነገረውን ትእዛዝ እርስዎ ይጠብቃሉ። ለእርስዎ የተነገረውን ‹ተመለስ› ግን ማን ይጠብቅልዎ፣ መርጋ?»

«አፍሽ ይቆረጥ አንቺ ልጅ!» አሉ፤ ግን ሊስቁ ምንም አልቀራቸው። «ስድስተኛን ያልጨረሰች ሐኪም ሆና አረፈችው።»

«አዎ፣ አልጨረስኩም። ያልጨረስኩት እርስዎ ወንድምዎን ድልድይ ላይ ባላዩበት ምክንያት ነው፤ ዓይናችን አንድ ዓይነት ነው። እኔን ደንቆሮ አሉኝ፣ እርስዎን ኩሩ። እስቲ እንደ ባለሙያ ይመልሱልኝ፤ የአንዱን ሰዓት ሞላ ለሌላው ሰዓት ይገጥማሉ?»

«የጎዳና ጠጋኝ ነው እንዲያ የሚያደርግ!»

«አሥር ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት ቢመጣልዎስ?»

«አስተካክለዋለሁ።»

«ባለቤቱ ቤቱ ወስዶ ‹የለመድኩት ነው› እያለ እንደገና በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ቢያስቀድመው?»

«ቂል ነው።»

«እርስዎ ነዎት።» ኦቦ ረጋሳ ሊናገሩ ሲሉ ቀደመቻቸው። «ይታገሡኝ፤ ስድቡን ኋላ እክሳለሁ። በዓይን ውስጥ ሌንስ አለ። የእኛ ዓይን ስለሚረዝም ሌንሱ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ሩቁ ይጠፋናል። ሞራ ማለት እሱ ሌንስ ሲደፈርስ ነው። ሐኪሙ ሲያወጡት ትርፉም አብሮ ወጣ፤ ሰዓትዎ ተስተካከለ ማለት ነው። የመርጋ ዓይን ግን ትርፍ አልነበረበትም፤ ሌንሱ ሲወጣ ጎደለው፤ ጉድለቱን በዚህ ወፍራም መስታወት ሞሉለት። እርስዎ ደግሞ ከውስጥ የወጣልዎን ትርፍ ይኸው ከውጭ ጆሮዎ ላይ አንጠለጠሉት። እኔም ያን ጊዜ ሐኪሙን ‹ለእንደኔ ያለው ሰው ሞራው ሲወጣስ?› ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ‹ብዙዎቹ ያለ ወፍራም መነጽር ሩቅ ያያሉ› ነው ያሉኝ።»

«ተረት ነው። ማታ ሳወልቀው መዳፌ እንኳ አይታየኝም!»

«መዳፍዎን የት ይዘው?»

«አፍንጫዬ ላይ ነዋ! የት ልይዘው ኖሯል?»

«ስልሳ ዓመት የለመዱት ያን ብቻ ስለሆነ ነው። አሁን ቅርቡ በቀጭን መነጽር የሚመለስ ነው። በሩን ይዩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሩቅ ይዩ።»

የሰዓት ሠሪው እጅ ወደ ጆሯቸው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ሰው ከጭፍን ልማዱ የሚለይበት ቅጽበት ከጥርስ መነቀል አይተናነስም፤ የሚጮኸውም ከመነቀሉ በፊት ነው። በመጨረሻ መነጽሩን አወለቁ።

በዚያው ሰዓት ሚስታቸው አዴ ወርቅቱ ቁርስ ይዘው በሩ ላይ ደረሱና «እግዚኦ! ዓይኑን ልታፈሺው ነው አንቺ?» ብለው ጮኹ።

ኦቦ ረጋሳ ካሉበት ሳይነሱ ሚስታቸውን ተመለከቱ። ብዙ ተመለከቱ።

«ወርቅቱ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትቆጪኝ ፊትሽ እንዲህ ነበር?»

«ምን ሆነ ፊቴ?»

«ቅንድብሽ ይገናኛል። ድምፅሽን ብቻ ነበር የማውቀው።» ከዚያ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ማዶ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይንቀጠቀጣል። ከቀበሌው ደጃፍ የተሰቀለውን ቀይ ሰሌዳ ፊደል በፊደል አነበቡት። ከጣራዎቹ በላይ፣ በደቡብ በኩል፣ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ነገር ቆሟል።

«ያ ደመና አይንቀሳቀስም» አሉ።

«ደመና አይደለም፤ የወንጪ ተራራ ነው» አለች ድንቅቱ።

«ሁልጊዜ እዚያ ነበር?»

ኦቦ ረጋሳ ዕንባቸው እስኪደርቅ ጠበቁ፤ ቀጥሎ ዓይናቸውን ወደ ቀኝ መለስ አድርገው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ድልድዩ ግን የት ሄደ? ግራው አለ፤ ቀኙ በኩል ከታች ጥቁር ነገር ቆርጦታል።» ወዲያው ተጽናኑ። «እህ፣ ያው የታወረው ቀኙ ዓይኔ ነው። ቅድምም አንቺን የገጨሁሽ በእሱ በኩል ነው።»

«ቀኙን በመዳፍዎ ይክደኑት» አለች። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

ከደኑት።

«አሁን የሚያየው ግራው ብቻ ነው። ጨለማው አለ?»

«...አለ።»

«እንግዲያው የቀኙ አይደለም።» ድንቅቱ ወደ ግድግዳው ሄዳ ከጭቃው አንድ ጥጉ የተላቀቀውን ጋዜጣ በጣቷ ነካች። «ኦቦ ረጋሳ፣ ዓይን ውስጥ የሚያየው ሽፋን እንደዚህ የተለጠፈ ነው። የእርስዎ ስስ ነበር፤ ተቀደደ። ዝንቡና መብረቁ ያ ነው። አሁን ውሃ እየገባበት ከጥጉ ይላቀቃል፤ የተላቀቀው በኩል ጨለመብዎት። መሃሉ ገና አልተነካም፤ ተራራውን ያዩት በመሃሉ ነው። መሃሉ ከተላቀቀ ግን ተራራም የለም፣ ሰዓትም የለም። የስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ አለ። ዛሬ ነው አዲስ አበባ የሚሄዱት።»

አዴ ወርቅቱ የቁርሱን ሳህን አስቀመጡ። «ዛሬ? የልጃችን የሲንቄ ሠርግ አሥራ ሁለት ቀን ቀረው እኮ! ጠላው ተጠንስሷል፣ የእጃጂ ዘመዶች ተጠርተዋል። አባት ያልመረቀው ሠርግ ምን ሠርግ ነው? ሰባት ቀን ጠበል ይጠመቅ፤ ሠርጉ ይለፍ፤ ከዚያ ሄዶ ይታያል።»

«አዴ ወርቅቱ፣ ጠበሉን በጠርሙስ ይያዙለት፤ ጸሎትም አውቶቡስ ላይ አልተከለከለም» አለች ድንቅቱ። «ግን አሥራ ሁለት ቀን ከቆዩ ሙሽራዋን በእጃቸው ዳብሰው ነው የሚመርቁት።»

«አንቺ ልጅ አልወለድሽም፣ አልዳርሽም። የእናት ሆድ በምን ታውቂዋለሽ!»

ይህ ቃል ድንቅቱን ቆረጣት። ሌላ ቀን ቢሆን መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን መርታት ለምን እንደሚያስፈልጋት አሰበችና ዋጠችው። ለመናደድ ጊዜ ያለው ሰው ችግሩ የራሱ ያልሆነ ሰው ነው።

«እውነት ነው፤ አላውቀውም» አለች ዝቅ ብላ። «እኔ የማውቀው ይህን ዓይን ብቻ ነው። የእኔም ስለሆነ።»

ኦቦ ረጋሳ እስከዚያ ድረስ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። ያን ሰማያዊ ነገር እያዩ ነው የተናገሩት።

«ወርቅቱ፣ ደንበኛ ላይ የምጮኸው መቼ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«አይደለም። ውሃ የገባበትን ሰዓት ቆይቶ ሲያመጣልኝ ነው። ‹በዓል ነበረ፣ ለቅሶ ነበረ› ይለኛል። ‹ዝገቱ በዓልህን አክብሮ ቆመልህ?› እለዋለሁ። ውሃው በገባበት ቀን ያመጣው ሰው ሰዓት ዛሬም ይሠራል።» ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ወንድሜ ጂራ ይመርቅልኝ። ድልድይ ላይ ስገፋው የኖርኩት ሰው ነው፤ እንኳን ለምርቃት ለሌላም ይገባዋል። አንቺ ልብስሽን ያዢ፤ አብረን እንሄዳለን።»

አዴ ወርቅቱ አለቀሱ፣ ተቆጡ፣ ቅንድባቸው ተገናኘ፤ ከዚያ ሄደው ልብሳቸውን ያዙ። ድንቅቱ የቀበሌው ጸሐፊ ምሳ ሊወጣ በሩን ሲቆልፍ ደርሳ «ማኅተሙ ይመታ፣ ምሳው ይደርሳል» ብላ ለሆስፒታል የሚሆን የትብብር ደብዳቤ አስጻፈች። አውቶቡስ ላይ ኦቦ ረጋሳን ጥግ አስይዛ «ጭንቅላትዎን አያናውጡ፤ እንቁላል እንደተሸከሙ ይሁኑ» ብላ ወረደች።

በማግሥቱ ሐኪሞቹ ቀዳዳውን በብርድ መሣሪያ አጣበቁት፤ ዓይኑንም ከውጭ ደግፈው አሰሩት። ለአዴ ወርቅቱ እንዲህ አሏቸው፦ «መሃሉ ሳይላቀቅ ነው የደረሳችሁት። ሁለትና ሦስት ቀን ብትቆዩ ኖሮ ይህን ያህል አንመልስላቸውም ነበር።» አዴ ወርቅቱ ቀናቱን በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ፤ አሥራ ሁለት አልደረሱም።

ሠርጉ በቀኑ ተሠረገ። ኦቦ ጂራ መረቁ፤ ሕዝቡም እልል አለ። በሦስተኛው ቀን ሲንቄና ባልዋ በአዲስ ዓለም በኩል አልፈው ሆስፒታል ደረሱና ከአልጋው ሥር ተንበረከኩ። ኦቦ ረጋሳ ሁለቱም ዓይናቸው ታሽጎ ሳለ እጃቸውን አንሥተው መረቁ። «አሁን አላያችሁም። የምትወልዱትን ልጅ ግን ከሩቅ ሲሮጥ አያለሁ» አሉ።

ያሉትም ሆነ። ከጥጉ ጥቂት ጨለማ ቀርቷል፤ ሐኪም ሁሉን አይመልስም፤ የዘገየውንማ ጨርሶ አይመልስም። በተከታዩ ዓመት የቀኙም ሞራ ወጣ። በዚህ ጊዜ ኦቦ ረጋሳ በቀጠሯቸው ተመልሰው ተለኩ፤ ለቅርብ ብቻ የሚሆን ቀጭን መነጽር ተሰጣቸው። በየዓመቱ ጥር ሲገባ ሳይታመሙ ሄደው ዓይናቸውን ያስመረምራሉ። «ሰዓት ሲቆም ሳይሆን ሲሠራ ነው የሚጸዳው» ይላሉ ለሚስቅባቸው። የመርጋን መነጽር አልጣሉትም። ጥቃቅኑን የሰዓት ጥርስ ሲፈቱ ብቻ እንደ ማጉያ ያደርጉታል፤ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ አውልቀው ቀና ይላሉ። አዴ ጌጤነሽም እንግዲህ የሟች መነጽር ለሚጠይቃቸው «መጀመሪያ ተለካ» ይላሉ።

በ1982 ዓ.ም. ኅዳር ወር አንድ ጠዋት ድንቅቱ በዚያው ድልድይ ላይ ስታልፍ፣ እንደ ልማዷ መጽሐፍ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ነበር።

«ድንቅቱ! ድንቅቱ ሆይ!»

ቀና አለች። ማንም አጠገቧ የለም። ከድልድዩ ማዶ፣ ከሱቃቸው በር፣ ኦቦ ረጋሳ እጃቸውን ሰቅለዋል።

«አካም ቡልቴ ኢንተለ ኮ! ኩሩ ሆንሽ እንዴ? ሰው ታልፊ ጀመርሽ!»

እየሳቀች ተሻገረች። «ማን አስተማረዎት ከዚህ ያህል ሩቅ ሰው መሳደብ?»

«አንቺ ነሻ። ዓይንሽን አስመረመርሽ ዘንድሮ?»

ሳቋ ቆመ። «የተማሪዎቼ ፈተና አለ... እሱ ይለፍና—»

ኦቦ ረጋሳ የመርጋን መነጽር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከግድግዳው ሰዓቶች መካከል ልክ የሚናገረው አንዱ ነበር፤ ወደ እሱ በጣታቸው አሳዩዋት።

«የስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ አለ» አሉ።

ድንቅቱ መጽሐፏን አጥፋ በብብቷ ያዘችና ልብሷን ልታመጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች።